ወንዝ ሲሞላ፦ የክረምት ጎርፍና የወንዝ ዓሣ አጥማጆች ኑሮ በምዕራብ ጎጃም

ከደምበጫ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ወደ ጥሊሊ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በርካታ ወንዞችን ያቋርጣል፤ ተምጫ፣ ብር፣ ላህና ፈጣም ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። የሁሉም መድረሻ ዓባይ ነው። በበጋ ረጋ ብለው የሚፈስሱት እነዚህ ወንዞች ክረምት ሲገባ ቀይ አፈር ተሸክመው ከዳር እስከ ዳር ይሞላሉ። የዓባይ ዓመታዊ ፍሰት ከአምስት እጅ አራት እጁ ያህል ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት የሚያልፍ እንደመሆኑ፣ የገባሮቹም ጠባይ ከዚህ የተለየ አይሆንም። ዝናቡ ከወትሮው በሚበዛበት ዓመት የወንዝ ዳር ኑሮ በአንድ ሌሊት ሊለወጥ ይችላል።

ስለ ጎርፍ ሲነገር በቅድሚያ የሚነሡት የእርሻ ማሳ፣ መኖሪያ ቤትና ድልድይ ናቸው። ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በመንጠቆና በመረብ ዓሣ እያጠመዱ ኑሯቸውን የሚደጉሙ ዜጎች ከጉዳት መዝገብ ውጭ የሚቀሩበት አጋጣሚ ሰፊ ነው። በጣና ዙሪያ ዓሣ ማጥመድ ራሱን የቻለ መተዳደሪያ ሲሆን፣ በወንዞች ዳር ግን የእርሻ ተጓዳኝ ሥራ ነው፤ በመሆኑም ሰውየው በቀበሌው የሚታወቀው በገበሬነቱ እንጂ በዓሣ አጥማጅነቱ አይደለም። ጎርፍ መረቡን ሲወስድበት ንብረት እንደጠፋበት የሚያሳይ መረጃ አስቀድሞ ካልተያዘ፣ ቆይቶ ማስረዳቱ አስቸጋሪ ይሆናል።

የጉዳዩ ክብደት ያለው ግን ሦስት ነገሮች በአንድ ወቅት በመገጣጠማቸው ላይ ነው። ክረምት ወንዙ እጅግ አደገኛ የሚሆንበት ጊዜ ነው። በርካታ የዓሣ ዝርያዎች እንቁላላቸውን የሚጥሉትም በዚሁ ወቅት ነው። በዚህ ላይ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ የሚገባው የፍልሰታ ጾም ይደረባል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው የየምእመኑ ጉዳይ ቢሆንም፣ በጾም ወቅት የሚፈልገው ሰው እንደሚበዛ በገበያ የሚታይ ነው። የቤተሰቡ ጎተራ በሚጎድልበት፣ አዲሱ እህል ገና በማሳ ላይ ባለበት ወር ዓሣ ዋጋ ሲያወጣ፣ ወደ ሞላ ወንዝ የሚወርድን ሰው «ለምን ወረድክ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል አይደለም። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ ልጆችም መንጠቆ ይዘው ወንዝ ዳር ይውላሉ።

ከአደጋው ሁሉ የሚከፋው ደራሽ ውኃ ነው። የብር ወንዝ ውኃ የሚሰበሰበው ከቋሪትና ከደጋ ዳሞት ከፍታዎች ጭምር ነው። በእነዚያ ደጋዎች ከሰዓት በኋላ የጣለ ከባድ ዝናብ፣ ቆላው ላይ ፀሐይ እየሞቀ መንጠቆውን ለጣለ ሰው ከሰዓታት በኋላ ሊደርሰው ይችላል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በድሬ ዳዋ የደቻቱ ወንዝ ያደረሰው ጥፋት የዚህ ምስክር ነው፤ በአብዛኛው ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው ወንዝ በላይኛው ደጋ በዘነበ ዝናብ ሌሊት ሞልቶ ከ250 የማያንሱ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። በዚያው ክረምት የኦሞ ወንዝ በታችኛው ተፋሰስ ከ360 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ በጣና ዙሪያም በፎገራና በደምቢያ ብዙ ሺህ ነዋሪዎች ተፈናቅለዋል። በ2012 ዓ.ም. ክረምትም የፎገራ ሜዳ ዳግመኛ በውኃ ተጥለቅልቋል።

ደራሽ ከመድረሱ በፊት ምልክት የሚሰጥበት ጊዜ አለ። የወንዙ ቀለም በድንገት ይደፈርሳል፤ ቅጠልና ጭራሮ ይንሳፈፋል፤ ከላይ በኩል ጉምጉምታ ይሰማል። ይህ ሲታይ መረብ ለመሰብሰብ ሳይሞክሩ ወደ ከፍታ መውጣት ይገባል። ከጉልበት የማያልፍ ፈጣን ውኃ አዋቂን ሰው ሊጥል ይችላል። የመረብ ገመድ በወገብ ወይም በእጅ አንጓ ላይ አስሮ መቆም ደግሞ ዋናተኛውንም የሚያሰጥም ልማድ ነው። በጨለማ ምልክቱ ስለማይታይ በክረምት የሌሊት ማጥመድ ከሁሉ የባሰ ነው።

አሁን ወደ ዓሣው እንመለስ። ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን ክረምት ሲገባ ወደ ገባር ወንዞች ሽቅብ ወጥቶ ንጹሕ ጠጠር ባለበት ስፍራ እንቁላሉን ይጥላል። አምባዛ በበኩሉ ከዝናብ በኋላ በሌሊት ጎርፍ ወደተኛበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ይወጣል። ሁለቱም በዚህ ሰዓት በቀላሉ ይያዛሉ፤ አንዱን መያዝ ግን በውስጡ ያለውን ትውልድ ጭምር መያዝ ነው። በጣና የደረሰው በቂ ትምህርት ይሰጣል። በወንዝ አፎች ላይ በመረብ በማጥመድ ምክንያት፣ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዐሥር ዓመታት ሦስት አራተኛ ያህል መቀነሳቸውን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ብርና ፈጣም ከጣና የሚያንሱ ወንዞች እንደመሆናቸው፣ እንዲህ ያለ ጫና ቢደርስባቸው የሚሸከሙበት አቅም የላቸውም።

የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ መጨመር በአገራችን የቆየ ዘዴ ነው። ዓሣውን ትልቅ ትንሽ ሳይለይ ያደነዝዛል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን ይከለክላል፤ ብርብራም «የአያቶች ዘዴ ነው» በሚል ከዚህ ውጭ ሊሆን አይችልም። የአፈር መሸርሸርም የራሱ ድርሻ አለው። ከተዳፋት ማሳ የሚታጠበው አፈር የዓሣውን እንቁላል ከጠጠሩ ጋር ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ በላይኛው ተፋሰስ የሚሠራ እርከን ለገበሬው ማሳ ብቻ ሳይሆን ከታች ላለው ዓሣ አጥማጅም ይጠቅማል።

እዚህ ላይ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ወንዙን መተው ለሰውም ለዓሣም ይበጃል፤ ነገር ግን በእነዚህ ወራት ሌላ ገቢ ለሌለው ሰው ክልከላ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ክልከላው የሚከበረው አማራጭ ሲቀርብ ነው። በቅርብ ያለው አማራጭ የዓሣ ኩሬ ነው። የባሕር ዳር ዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል በዚህ ዘርፍ የቆየ ልምድ አለው። ሆኖም ኩሬ ለሁሉም ቦታ እኩል አይስማማም። ቀረሶ የውኃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እድገቱ ስለሚዘገይ፣ ቡሬን በመሰለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ ወደ ቆላ ከሚጠጉ ቀበሌዎች ያነሰ ውጤት ይሰጣል። ኩሬ የሚቆፍር ሰው የክረምቱን ውኃ የሚያስተነፍስ፣ በወንፊት የተከለለ መውጫ ማበጀት አለበት፤ አለዚያ በአንድ ከባድ ዝናብ ግድቡ ተንዶ ዓሣው ወደ ወንዝ ይሄዳል። ዓሣን በፀሐይ አድርቆ ማቆየት በክረምት ስለማይሆን፣ የተያዘው በዕለቱ መሸጥ ወይም መጠበስ እንዳለበትም በሒሳቡ ይግባ፤ መንገድ በጭቃ ሲዘጋ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

አገልግሎት ፈላጊዎች ከክረምቱ በፊት ሊያደርጉት የሚገባው እንደሚከተለው ነው። ዓሣ ለገበያ የሚያቀርብ ሰው ስለ ማጥመድ ፈቃድ፣ በክልሉ ስላለው የወቅት ገደብና ስለ መረብ ዓይን ስፋት ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ይጠይቅ፤ በዚያውም በዓሣ አጥማጅነት ይመዝገብ። ያለውን መረብና ሌላ መሣሪያ ለቀበሌው አስታውቆ በጽሑፍ እንዲያዝለት ማድረጉ ጉዳት ሲደርስ ይጠቅመዋል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት፣ የዐሥር ቀንና የዕለት ትንበያ ያወጣል። ሬዲዮ የሚያዳምጥ ዓሣ አጥማጅ ስለ ራሱ ቀበሌ ብቻ ሳይሆን ወንዙ ስለሚነሣበት ደጋ የተነገረውንም ይከታተል፤ የብር ዳር ሰው የደጋ ዳሞትን፣ የፈጣም ዳር ሰው የጥሊሊን። ጎርፍ ካለፈ በኋላ የደረሰ ጉዳት ሳይውል ሳያድር ለቀበሌው ይገለጽ፤ ቀበሌው ለወረዳው አደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት ያስተላልፋል። ከመስከረም በኋላ ወደ ዓባይ ቆላ የሚወርዱ ዓሣ አጥማጆች ወቅቱ የወባ ወቅት በመሆኑ አጎበር ይዘው ይውረዱ፤ ትኩሳት የተሰማው ሰውም በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ኬላ ይሂድ።