«ነው» የምትል ቃል

ልጃችን ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ቁርባኗን ተቀበለች። ሰባት ዓመቷ ነበር። ነጭ ቀሚሷን ያሰፋችላት፣ ጸጉሯን የሠራቻት፣ ጸሎቱን ማታ ማታ ያስጠናቻት እናቷ ናት። በቅዳሴው መካከል ግን ልጄና እኔ ወደ መሠዊያው ስንሄድ እናቷ በመቀመጫዋ ቀረች። ልጅቷ ዞራ አየቻት። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

እኔ የከምባታ ካቶሊክ ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ የወለጋ ልጅ፣ በመካነ ኢየሱስ ያደገች። በቤታችን ለአንድ ነገር ሁለት ስም አለው። እኔ «ቅዱስ ቁርባን» እላለሁ፣ እርሷ «የጌታ እራት» ትላለች። ቁርባን መሥዋዕት ነውና መሠዊያና ካህን ይሻል፤ እራት ማዕድ ነውና ቤተ ሰብን ይጠራል። አማርኛችን ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ይዞ ሲኖር አልተጨነቀም፤ የተጨነቅነው እኛ ነን።

እ.ኤ.አ. በ1529 ሉተርና ዝዊንግሊ በጀርመን ማርቡርግ ከተማ በዚሁ ማዕድ ጉዳይ ተከራክረው ነበር። ከ15 ነጥቦች በ14ቱ ተስማሙ። ሉተር ጌታ ስለ ኅብስቱ የተናገረውን ቃል በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ጽፎ፣ «ነው» የምትለውን ቃል አላስነካም አለ። ዝዊንግሊ «ያመለክታል» ማለት ነው ሲል ጸና። ሳይታረቁም ተለያዩ። የሚገርመው፣ ጌታ ይናገርበት የነበረው አራማይክ እንዲህ ባለ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ነው» የሚል ማሠሪያ የግድ አያስፈልገውም። ያለ «ነው» ዐረፍተ ነገር መዝጋት ለሚቸግረን ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ባለቤቴ በዚህ ረገድ የሉተር ልጅ ናት። «ነው» ትላለች፤ እኔም «ነው» እላለሁ። ታዲያ ምን ለየን? ክህነት። ቤተ ክርስቲያኔ ከሐዋርያት ሳይቋረጥ የመጣ ክህነት በሌለበት የቁርባኑ ምሥጢር ምሉዕ አይደለም ትላለች። የ1983 እ.ኤ.አ. ሕገ ቀኖና በቁጥር 844 ለኦርቶዶክሳዊ፣ በራሱ ፈቃድ ከጠየቀና ከተዘጋጀ፣ ቁርባን እንዲሰጠው ይፈቅዳል፤ ለፕሮቴስታንት ግን በሞት አፋፍ ወይም በሌላ ከባድ ችግር ጊዜ ብቻ፣ ያውም በብዙ ቅድመ ሁኔታ። እንግዲህ ጎረቤታችን እማማ ቢጠይቁ (የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ባትፈቅድላቸውም) በር ይከፈትላቸዋል፤ አብራኝ የምታድረው ሚስቴ ግን ደጅ ትቀራለች።

ሕግን አልንቅም። እንጀራዬ በባንክ መስኮት ፊርማ ማመሳከር ነው፤ ፊርማው ካልተመሳሰለ ባለ ገንዘቡ ራሱ ቆሞ ቢለምነኝም አልከፍልም። ነገር ግን ባንክ እንኳ ለባልና ሚስት የጋራ ሒሳብ ይከፍታል።

ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2015 እ.ኤ.አ. ሮም በሚገኘው የሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን አንዲት የካቶሊክ ሚስት ይህንኑ ጠይቃቸው ነበር፤ እርሷ ሉተራዊት ናት። ፈቃድ መስጠት የእኔ ሥልጣን አይደለም፣ ከጌታ ጋር ተነጋግራችሁ ወደ ፊት ሂዱ የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጧት። በ2018 የጀርመን ጳጳሳት እንዲህ ላሉ ባለ ትዳሮች መመሪያ አውጥተው ብዙ አከራከሩ። የእኔ አሳብ ግልጽ ነው፤ አንድ ሥጋ የሆኑ ሁለት ሰዎች የሚራቡት ረኃብ «ከባድ ችግር» ተብሎ ይቆጠር። ከዚህ የሚከብድ ምን ይሆን?

ወዳጆቼ «ዝም ብላ ትቀበል፣ ማን ያውቅባታል?» ይሉኛል። ለባለቤቴ ነገርኳት። «የጌታን ማዕድ በስርቆሽ አልበላም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ያንን ምክር ለማንም አልደገምኩም።

በእርሷ ቤተ ክርስቲያን እራቱ በሚቀርብበት እሑድ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ባለፈው ጊዜ እርሷ ተነሥታ ወደ ፊት ስትሄድ ልጃችን አጠገቤ ቀረች። እጄን ያዘችና ጆሮዬ ሥር ጠየቀችኝ፦

«አባዬ፣ ዛሬ ደግሞ የመቅረቱ ተራ ያንተ ነው?»