የዓባይ ልጅ ሥዕል ሲጠማው



ለማስተማር ልምምድ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስንወጣ በሥዕል ክፍለ ጊዜ የምናየው ነገር ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መምህሩ በጠመኔ አንድ ጎጆ፣ አንድ ዛፍና ከሁለት ተራሮች መካከል የምትወጣ ፀሐይ ሰሌዳው ላይ ይሥላል፤ ተማሪዎቹም ይገለብጣሉ። 60 ልጅ፣ 60 አንድ ዓይነት ፀሐይ! ይህ ግልበጣ ነው እንጂ ሥዕል ሊባል አይችልም። በባሕር ዳር ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያሳዝናል፤ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጉዞውን የሚጀምረው ከዚሁ ከደጃችን ነውና። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው እኮ ለእንዲህ ያለው ነው።

የእኔ አስተያየት አጭር ነው። ሥዕል የሚያስተምር ሰው ከእጁ በፊት ዓይኑን ማሠልጠን አለበት፤ ለዚህም በዓባይ ዳር ከሚደረግ የእግር ጉዞ የተሻለ መማሪያ ክፍል የለንም።

ምሳሌ ልስጥ። ደንገልን ሁላችንም እናውቀዋለን እንላለን። ሳናይ ሣሉት ብንባል ግን አብዛኞቻችን ግንዱን እንደ ሸምበቆ ክብ አድርገን እንሥለዋለን። ቀርቦ የዳሰሰው ሰው ግን ግንዱ ባለ ሦስት ጎን መሆኑን ያውቃል። ይህን ያየ ልጅ ሥዕሉ ይለወጣል፤ በሒሳብ ክፍለ ጊዜም ሦስት ማዕዘን ሲባል የሚያስታውሰው ነገር ያገኛል። ከውሃው በላይ አየር ላይ ቆሞ ክንፉን እያርገበገበ በድንገት ቁልቁል የሚወረወረውን ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ ወፍም ተመልከቱ። እሱን ለመሣል ከሰልና ወረቀት ይበቃል።

«ቀለም የለም፣ ወረቀት የለም» የሚሉ ጓደኞች አሉ። እውነታቸውን ነው፣ እጥረቱ አለ። ነገር ግን የጥንት ግብፃውያን ወረቀታቸውን የሠሩት ከዚሁ ከደንገል እንደነበር አንርሳ። ጭቃው በነፃ ነው፤ ከሰሉም ከየማድቤቱ አይጠፋም። ታንኳ የሚሠሩትን የነገደ ወይጦ ወገኖቻችንንም ቀርበን እንጠይቃቸው። ደንገሉን እንዴት እንደሚያጭዱ፣ እንደሚያስሩና የታንኳዋን ጫፍ ወደ ላይ እንደሚያጎብጡ ማየት ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። ባለ እጅን ሲንቅ በኖረ ኅብረተሰብ ውስጥ ሥዕል አስተምራለሁ የሚል መምህር መጀመሪያ ይህን ንቀት ከራሱ ማውጣት ይኖርበታል።

ሌሎች ደግሞ «ሥዕል ጨዋታ ነው፣ ጊዜው ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ይሁን» ይላሉ። አስተውሎ ማየት ግን ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ ሐምራዊ አበባው ሲያዩት ያምራል። ያበጠውን የቅጠሉን ዘንግ ሰንጥቆ የሣለ ተማሪ ግን በውስጡ አየር የቋጠረ ስፖንጅ መሰል ነገር ያገኛል፤ አረሙ ለምን እንደሚንሳፈፍ፣ በነፋስም እየተነዳ እንዴት እንደሚዛመት ይገባዋል። ታዲያ ይህ ሥዕልም ሳይንስም አይደለም?

ስለሆነም ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የሥነ ጥበብ መምህሮቻችን በየሁለት ሳምንቱ አንድ ክፍለ ጊዜ በወንዙ ዳር ያድርጉልን። ጉማሬ ስላለ ጉዞው በቡድን፣ በቀን ብርሃንና ቦታውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ይሁን። ሁለተኛ፣ በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለሥዕሎቹ አንድ ጥግ ይሰጥ፤ ከየሥዕሉ ሥርም ቀኑና ያየነው ነገር ይጻፍ።

ነገ የምንመደብበት ቀበሌ ዓባይ አይኖረው ይሆናል። ጅረት ግን አይጠፋም፤ ጅረት ቢጠፋ የመስኖ ቦይ ይኖራል። ማየት የለመደ መምህር የትም ቢመደብ ተማሪዎቹን ይዞ ከክፍል መውጣት አይቸግረውም።