ሙግት፦ የሰሜን ተራሮች በእግር ብቻ ወይስ በመኪናም?

ከደባርቅ የሚነሳው የጠጠር መንገድ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ሰንጥቆ በሳንቃበር በኩል ጨነቅ ይደርሳል፤ ከዚያም ቧሂትን ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ ይዘልቃል። ጎብኚ እስከ ጨነቅ በመኪና መግባቱ ይቀጥል? ወይስ ሳንቃበር ላይ ወርዶ በእግሩና በበቅሎ ይሂድ? ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገቱበታል።

ጎማ ሳንቃበር ላይ ይቁም

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. የተከለለው ከሁሉ በፊት ዋልያን ከመጥፋት ለማዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ የሰሜን ተራሮች ከእነሱ አንዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1996 ግን አደጋ ላይ ከወደቁ ቅርሶች ዝርዝር ገቡ። የዋልያው መመናመን፣ የእርሻው መስፋፋት፣ ፓርኩን የሚያቋርጠውም መንገድ ከምክንያቶቹ መካከል ነበሩ። ከዚያ ዝርዝር ለመውጣት 21 ዓመት ፈጅቶብናል። እ.ኤ.አ. በ2017 ስንወጣ በበጎ ከተቆጠሩልን ሥራዎች አንዱ ዋልያው እንዳይረበሽ ተለዋጭ መንገድ መሠራቱ ነው። የመንገደኛውን መኪና ወደ ውጭ መርተን የጎብኚውን እንደ ልቡ ካስገባን ምኑን አተረፍነው?

ተራራውን የሚያውቀው በእግሩ የሄደ ነው። ዋልያ ጠዋትና ወደ ማታ ለግጦሽ ብቅ ይላል፤ የቀን ጎብኚው መኪና ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ፀሐይ ከበረታ በኋላ ነው። እግረኛው በጅንባር ፏፏቴ አፋፍ አልፎ፣ ጓሳና ጅብራ በሞላው ሜዳ ተሻግሮ ግጭ ያድራል፤ በማግስቱም እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ይቆማል። ወደዚያ የሚወስድ የመኪና መንገድ የለም። እግረኛው ስካውት፣ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና የበቅሎ ነጂ ይዞ ስለሚጓዝ ገንዘቡ ብዙ ቤት ይገባል። ጨነቅ ደርሶ በዕለቱ ከሚመለሰው ግን ለአካባቢው ሰው የሚተርፈው ጥቂት ነው።

የግጭ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ለፓርኩ ሲባል ቀያቸውን ለቀዋል። ገበሬ ቤቱን ለለቀቀለት ተራራ ጎብኚ መኪናውን አቁሞ ቢገባ አይበዛበትም።

ቅርሱ የጉልበተኛ ብቻ አይደለም

ባልደረባዬ ስለ ግጭ ነዋሪዎች ያነሱት እውነት ልብ ይነካል። ነገር ግን የእነዚያ ሰዎች አዛውንት ዛሬ ተራራቸውን ሊያዩ ቢሹ በምን ይሄዳሉ? ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው፤ ጤነኛ ጎልማሳ እንኳ ዳገቱን ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። መኪናው ሲከለከል አካል ጉዳተኛው፣ ሕፃን ያዘለችው እናት፣ ጉልበቱ የደከመው አባት አብረው ይከለከላሉ። ድንኳን፣ በቅሎና የብዙ ቀን ስንቅ መምህሩም ሆነ ተማሪው የሚችለው ወጪ አይደለም። በአንድ አውቶቡስ ተሳፍሮ ከጎንደር የሚመጣ ክፍል ግን ተራራውን አይቶ ይመለሳል። ብሔራዊ ቡድናችንን ዋልያዎቹ ብለን እንጠራለን፤ እንስሳውን በዓይናቸው ያዩ ልጆቻችን ግን ስንት ናቸው?

እግርም ያለ ጉዳት አይሄድም። በቅሎዋ ሣር ትግጣለች፤ መንጋ እግረኛ የሚመላለስበት ቀጭን መንገድ በክረምት ጎርፍ ይሸረሸራል። ዋልያውን ያመናመኑት ዋና ነገሮች አደን፣ እርሻና ልቅ ግጦሽ ናቸው። ሰው ግን አጥፊ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ፓርኩ ሲቃጠል የአካባቢው ሰው እሳቱን ለማጥፋት ተራራ ወጣ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ከሩቅ የመጣው እርዳታ ከመድረሱ በፊት እሳቱን የተጋፈጠው ተራራውን የኔ የሚል ሕዝብ ነው።

በመንዝ ያለው የጓሳ ሣር ምድርም ለዘመናት የቆየው ሰው ፈጽሞ ስላልደረሰበት አይደለም። ቀሮ በሚባለው ሥርዓት ሕዝቡ ራሱ ጊዜ ወስኖ ይዘጋው፣ ጊዜ ወስኖ ይከፍተው፣ ደንቡን የጣሰውንም ይቀጣ ነበር። ለሰሜንም የሚበጀው እንዲህ ያለ ደንብ ነው።

የአንደኛው ጸሐፊ መልስ

ሳንቃበር ድረስ በመኪና የመጣ አዛውንት ገደሉንም ጭላዳውንም አይቶ ይመለሳል፤ ከቅርሱ አልተባረረም። ከዚያ ወዲያ መሄድ ለማይችሉ በልዩ ፈቃድ የሚንቀሳቀስ የፓርኩ መኪና ቢመደብ አልቃወምም። የቀሮውን ምሳሌም እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የቀሮ ኃይሉ የመዝጋት ድፍረቱ ነበር። እኛ ለመኪና የመዝጋት ድፍረቱ ይጎድለናል።

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

ሳንቃበር መልካም ነው፤ ዋልያን ለማየት የሚሻለው ግን ጨነቅ ነው፤ ዋልያም ከእነዚህ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ስለዚህ የግል መኪና ሳንቃበር ላይ ይቁም ቢሉኝ እስማማለሁ፤ በምትኩ ቁጥራቸው የተወሰነ፣ ጡሩንባ የማይነፉ፣ ከተፈቀደላቸው ቦታ ውጭ የማይቆሙ አውቶቡሶች ይመደቡ። ይህ ግን በልዩ ፈቃድ ለጥቂቶች ብቻ ሊሆን አይገባም፤ የተራ ዜጋ መብት ይሁን። አንባቢም በሚመጣው በዓል ወደ ሰሜን ለመሄድ ቢያስብ፣ መሄድ የሚችል በእግሩ ይሂድ፣ የማይችለውን ደግሞ ይዞ ይምጣ። የሚጠብቁት ሰዎች እንዲበዙ መጀመሪያ ያዩት ሰዎች መብዛት አለባቸው።