የአሥር አለቃው መጽሐፍ

የመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ደርግ ገና ስብሰባ የተቀመጠ ይመስላል። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን» ብለው፣ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» ብለው፣ ፍስሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ» ብለው ይሟገታሉ። ጄኔራሎቹም አልቀሩም። ማን ምን እንዳዘዘ፣ ማን የማንን ምክር እንዳልሰማ አንብበናል። ትእዛዙን የፈጸመው ተራ ወታደር ግን ከመደርደሪያው የለም ማለት ይቻላል።

ይህ ሰው በ1969 ሞፈሩን ጥሎ ታጠቅ ጦር ሰፈር የገባ ገበሬ ነው። የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወርሮ በመስከረም 1970 ጅጅጋን ሲይዝ፣ ጥቂት ወር ብቻ ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅ ተጫነ። በያመቱ የካቲት 26 የካራማራን ድል ስናነሣ የእሱም ታሪክ እዚያ የሚያበቃ ይመስለናል። ብዙዎቹ ግን ወደ ማሳቸው አልተመለሱም፤ መኪናው ወደ ሰሜን ዞረ።

በሰፈራችን ጥበቃ የሚሠሩ አንድ አባት አሉ። «ካራማራ ላይ ምን ተሰማዎት?» ብላቸው «ውኃ ጥም» አሉኝ። ቀጥለው ያወሩኝ ስለ ኮዳና ስለ ኮሾሮ ነው። ፊደል የቆጠሩት ናቅፋ ግንባር፣ ምሽግ ውስጥ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ከመጣ የከተማ ልጅ ዘንድ ነው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ በእጃቸው ሲጽፉ እናታቸው ሞተው ነበር፤ መርዶው አልደረሳቸውም።

የናቅፋ ግንባር አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በ1980 ስለመረሸናቸው ባለሥልጣናቱ ብዙ ተከራክረዋል። ብዙም ሳይቆይ፣ መጋቢት ላይ፣ የዕዙ መቀመጫ አፍአበት ወደቀ። ምሽግ ያለው ወታደር የአዛዡን መገደል ከማን ሰማ? ሲሰማስ ከጎኑ ላለው ምን አለው? እኔ ከስብሰባው ቃለ ጉባኤ ይልቅ ይህን ባውቅ እመርጣለሁ።

ከዚያ ግንቦት 1983 መጣ። ከ400 ሺህ በላይ የነበረው ሠራዊት ተበተነ። ከፊሉ ሱዳን ተሻገረ፣ ከፊሉ ካምፕ ገባ፣ ከፊሉ በካፖርቱ እንዳለ አደባባይ ለልመና ወጣ። በ1990 የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ ግን ልምድ ያለው ሰው ተፈለገና ከተበተኑት ብዙዎቹ ዳግም ተጠሩ። (የጠራቸው ያው የበተናቸው መንግሥት ነው።) እኒህ አባት ያን ጊዜም ሄደዋል። ለምን እንደሄዱ ብጠይቃቸው «ታዲያ ማን ይሂድ?» ብለው ወደ በሩ ዞሩ።

ታጠቅ ሲገባ ሃያ ዓመቱ የነበረ ዛሬ ሰባ ገደማ ነው። መቅረጫ ደግሞ በየኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ አለ። የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ካጣችሁ፣ በየባንኩና በየፎቁ ደጃፍ ዱላ ይዘው የተቀመጡትን ሽማግሌዎች አነጋግሩ። ስለ ጀግንነት አትጠይቋቸው፤ ለእሱ የለመዱት መልስ አላቸው። ደመወዛቸው ለቤተሰብ እንዴት ይደርስ እንደነበር፣ የሞተ ጓደኛቸውን ዕቃ ማን እንደወሰደው፣ ግንቦት 1983 ላይ የደንብ ልብሳቸውን የት አውልቀው በምን እንደቀየሩት ጠይቋቸው።