ካምቦዲያ፦ በኪስ የሚወጣ ቅርስ ጥበቃው ከየት ይጀምራል?

ካምቦዲያ እ.ኤ.አ በየካቲት 2023 ከለንደን 77 ጥንታዊ ጌጣጌጦችን ተረክባለች። ከእነዚህ መካከል ከወርቅ የተሠሩ ዘውዶች፣ የአንገት ሐብሎች፣ አምባሮች፣ መታጠቂያዎችና ክታቦች ይገኙበታል። የጌጣጌጦቹ መመለስ የምሥራች ቢሆንም አንድ ከባድ ጥያቄ ይዞ መጥቷል። ባለቤታቸው ታውቆ የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው፤ በመዳፍ ተጨብጠው ከመቃብር የወጡት ሌሎቹ ቀለበቶችና ጉትቻዎች ግን እንዴት ይገኛሉ?

የተመለሱት ጌጣጌጦች የዳግላስ ላችፎርድ ስብስብ አካል ነበሩ። እኒህ ብሪታንያዊ የጥንታዊ ቅርሶች ሰብሳቢና ነጋዴ ለረጅም ዓመታት በታይላንድ ኖረዋል። የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ የቅርሶችን ምንጭ የሚገልጹ ሐሰተኛ ሰነዶችን አዘጋጅተዋል በሚል እ.ኤ.አ በ2019 ክስ መሥርቶባቸው ነበር፤ ይሁን እንጂ ለፍርድ ሳይቀርቡ በ2020 ሕይወታቸው አልፏል። ጌጣጌጦቹ ወደ ሀገራቸው የገቡት ቤተሰባቸው ስብስቡን ለካምቦዲያ ለማስረከብ ከተስማማ በኋላ ነው።

ለክመር ሕዝብ እነዚህ ጌጦች የመንግሥትና የእምነት ምልክት ናቸው። የክመር ነገሥታት መናገሻቸውን አንግኮር ላይ አድርገው ከ9ኛው እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰፊ ግዛት አስተዳድረዋል። እ.ኤ.አ በ1296 ወደ ስፍራው የመጣው ቻይናዊው መልእክተኛ ጆ ዳጓን ንጉሡ የወርቅ አምባር፣ አልቦና ቀለበት ያደርግ እንደነበር ጽፏል። በአንግኮር ዋት ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተቀረጹት የሴት አማልክት ምስሎችም ዘውድ ደፍተው፣ ሐብል አጥልቀውና መታጠቂያ ታጥቀው ይታያሉ። በድንጋይ ላይ የተቀረጸው ጌጥ በወርቅ ተሠርቶ ሲገኝ አንዱ ለሌላው ምስክር ይሆናል።

ችግሩ ግን የድንጋይ ሐውልትና የብረታ ብረት ጌጥ በማስረጃ ረገድ እኩል አለመሆናቸው ነው። ከኮህ ኬር የተዘረፈው የዱርዮዳና ሐውልት እ.ኤ.አ በ2011 ኒውዮርክ ውስጥ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል ካምቦዲያ ተቃውማለች። ሐውልቱ ሲሰበር እግሮቹ በቤተ መቅደሱ ውስጥ ከነመቆሚያቸው ቀርተው ነበርና ዋናው ማስረጃ እነርሱ ሆኑ። ከክርክር በኋላም ሐውልቱ በ2014 ሀገሩ ገብቷል። ቀለበት ግን የሚተወው እግር የለውም። በኪስ ገብቶ ድንበር ይሻገራል፤ ወርቅ ከሆነም በአንጥረኛ እጅ ቀልጦ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል።

ይህን ከማንም በላይ የምታሳየው በደቡብ ምሥራቅ ካምቦዲያ፣ በፕሬይ ቬንግ ግዛት የምትገኘው የፕሮሒር መንደር ናት። በመንደሯ እ.ኤ.አ በ2007 ወደ 2 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው መቃብሮች መኖራቸው ሲታወቅ ነዋሪዎች መሬቱን መቆፈር ጀመሩ፤ አብዛኛው ስፍራም በጥቂት ወራት ውስጥ ተበረበረ። የካምቦዲያና የጀርመን ባለሙያዎች በ2008 ቁፋሮ ሲጀምሩ በአመዛኙ ሳይነካ ያገኙት የመንደሩን መንገድ ሥር ነበር። በዚያች ጠባብ ቦታ በሁለት ዙር ቁፋሮ ከ50 በላይ መቃብሮችን አገኙ። ከእነዚህ በአንዱ የሟቹ ራስ በነሐስ ከበሮ ውስጥ ተቀምጦ ተገኝቷል፤ የወርቅና የብር ጌጣጌጦችም ወጥተዋል። እነዚህ መቃብሮች ከአንግኮር መንግሥት መመሥረት በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማሉ።

የሁለቱ ቁፋሮዎች ልዩነት ብዙ ያስተምራል። ባለሙያው ቀለበቱ በማን ጣት ላይ እንደነበረ፣ ከየትኛው ሸክላ ጋር እንደተቀበረ ይመዘግባል። ለገበያ የወጣው ቀለበት ግን ወርቁ እንጂ ታሪኩ አብሮት አይሄድም። ነገ ቢመለስ እንኳ ከየትኛው መንደር እንደተወሰደ የሚናገርለት አይኖርም።

የመንደሩን ነዋሪ ብቻ መውቀስ ግን ተገቢ አይደለም። ካምቦዲያ ከ1970 ጀምሮ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ በጦርነት፣ በክመር ሩዥ ግፍና በድህነት ውስጥ አልፋለች። ቆፋሪው በጥቂት ገንዘብ የሸጠው ዕቃ በደላላና በነጋዴ እጅ እያለፈ ዋጋው ይንራል። ትልቁ ትርፍ መቃብሩን ካላየው ሰው ዘንድ ይደርሳል። “አንበሳ” በሚል የምስጢር ስም የሚታወቁት የቀድሞ ዘራፊ እ.ኤ.አ በ2021 ከመሞታቸው በፊት የዘረፏቸውን ስፍራዎች ለመርማሪዎች ማሳየታቸው ብዙ ቅርሶችን ለመለየት ረድቷል። ይህም ከሁሉ የላቀው ማስረጃ ያለው በአካባቢው ሰው ዘንድ መሆኑን ያረጋግጣል።

የሀገሪቱ የ1996 የባህል ቅርስ ጥበቃ ሕግ ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ሥራውን አቁሞ ለአካባቢው ፖሊስ እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ትእዛዙ ተገቢ ነው። ነገር ግን ማሳውን ሲያርስ አምባር ላገኘ አርሶ አደር ማሳወቅ ማለት ሥራ መፍታት፣ ምናልባትም መሬቱ እንዳይታረስ መከልከል ሊመስለው ይችላል። ደላላው በበኩሉ ገንዘቡን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ያሳወቀው ሰው እንደማይጎዳ ካላመነ ሕጉ ብቻውን ደላላውን አያሸንፍም።

የ77ቱ ጌጣጌጦች መመለስ ለዓመታት የተደረገ ክትትልና ድርድር ውጤት ነው። ለስመ ጥር ስብስብ ይህን ያህል ድካም ካስፈለገ፣ ስም ለሌላት ቀለበት ከመንደሯ ከወጣች በኋላ የሚደረስላት አይመስልም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ለትናንሾቹ ቅርሶች ዋናው ዘብ ከፍርድ ቤቱ አስቀድሞ መሬቱን የሚያርሰው ሰው ነው።