የማዕዘኑ ተረትና የአኃዞች ትውልድ

አንድ ሥዕል አለ፤ ብዙ አንባቢ ሳያየው አይቀርም። ከ1 እስከ 9 ያሉት አኃዞች ክብነታቸው ተወግዶ በቀጥታ መስመር ብቻ ይጻፉና በየመታጠፊያቸው አንዳንድ ነጥብ ይደረግባቸዋል። አንድ ባለ አንድ ማዕዘን፣ ሁለት ባለ ሁለት፣ ሦስት ባለ ሦስት ሆነው ይሰለፋሉ። ስምንት እንደ ሁለት ሣጥን ተደራርቦ ስምንት ማዕዘን ያወጣል። ዜሮ ድቡልቡል ስለሆነ አንድም ማዕዘን የለውም። ከሥዕሉ ሥር፣ የቁጥሮች ቅርጽ ምሥጢር ይህ መሆኑን፣ ነገሩንም የፈለሰፈው አንድ ጥንታዊ ጠቢብ መሆኑን የሚገልጽ ቃል ይከተላል። ጠቢቡ አንዳንዴ የፊንቄ ነጋዴ ነው፤ አንዳንዴ የዐረብ ሊቅ ይሆናል። ያየው ሁሉ ይደነቃል፤ ለልጁ ያሳያል፤ መምህርም ከሆነ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሥለዋል።

ተረቱ ያምራል። ከማማሩ በቀር ግን እውነት የለውም። ይህን ያህል ተወድዶ ሳለ ለምን እንደምነቅፈው ለመናገር ነው ብዕር ያነሣሁት።

እስቲ መጀመሪያ በገዛ ሚዛኑ እንመዝነው። ማዕዘን ምንድን ነው? ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በጻፈው የጂኦሜትሪ መጽሐፉ፣ ማዕዘን ማለት ተገናኝተው ሳለ በአንድ ቀጥታ ያልተኙ ሁለት መስመሮች አንዱ ወደ ሌላው ያላቸው ዝንባሌ መሆኑን ይደነግጋል። ከዚያም ሦስት ዓይነት ይለያል፤ ቀጤ፣ ከቀጤ የሚሰፋና ከቀጤ የሚጠብ። ዲግሪ የሚባል ነገር በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ክብን ለ360 መክፈል በስድሳ መቁጠር ከለመዱት ከባቢሎን ሰዎች የተወረሰ ስለሆነ በሌላ መንገድ የመጣ ነው። እኛ ዛሬ ከ90 ዲግሪ የሚያንሰውን ሹል፣ ልክ 90 የሆነውን ቀጤ፣ ከ90 በልጦ ከ180 የሚያንሰውን ዝርጥ፣ ልክ 180 የሆነውን ዝርግ፣ ከ180 የሚያልፈውን ጥምዝ ማዕዘን እንላቸዋለን። በነገራችን ላይ፣ እነዚህን ስሞች ያወጡልን ሰዎች ምስጋና ሳይከፈላቸው ቀርቷል። ሹል ሲባል ጦሩ ይታያል፤ ዝርግ ሲባል ምንጣፉ ይነጠፋል፤ ጥምዝ ሲባል አንገቱን ወደ ኋላ የዞረ ነገር ይመጣል። ሒሳብ የማይወድ ልጅ እንኳ ቃሉን ሰምቶ ቅርጹን መገመት ይችላል።

ወደ ሥዕሉ እንመለስ። መስመር በታጠፈ ቁጥር የሚወለደው ማዕዘን አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። በመታጠፊያው ውስጥ ሹሉ አለ፤ ከመታጠፊያው ውጭ ጥምዙ አለ፤ ሁለቱ ተደምረው 360 ይሞላሉ። ስለዚህ ባለ ሁለት መታጠፊያው 2 አራት ማዕዘኖች አሉት፤ ሁለት ሹል፣ ሁለት ጥምዝ። ሥዕሉ ጥምዞቹን አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ሁለት መስመሮች የተሻገሩ እንደሆነ ደግሞ ምንጊዜም አራት ማዕዘን ይፈጥራሉ፤ 4 ግን መሻገሪያም ሦስት ጎን ሣጥንም አለውና ከመሻገሪያው ብቻ አራት ከተቆጠረ የሣጥኑ ሌሎች ማዕዘኖች የት ሊገቡ ነው? ሰባትና ዘጠኝ ላይ ሲደርስማ ሠዓሊው ይጨነቃል። ሰባትን ወገቡን በሰረዝ ይቀነትለታል፤ ከላይ ጢም፣ ከታች ጫማ ያደርግለታል፤ የዘጠኝን ጅራት እንደ ቀንድ አውጣ ይጠቀልለዋል። መልሱን አስቀድሞ ይዞ ጥያቄውን ለመልሱ መቁረጥ ማለት ይህ ነው።

ታሪኩ ሌላ ነው። (ከዚህ በታች ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።) ዛሬ መላው ዓለም የሚጽፍባቸው አኃዞች አያቶች ሕንድ ውስጥ፣ ብራህሚ በሚባለው ጽሕፈት ይገኛሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በድንጋይ ላይ ተቀርጸው ይታያሉ። እዚያ አንድ ማለት አንድ የተጋደመ ሰረዝ ነው፤ ሁለት ሁለት ሰረዝ፣ ሦስት ሦስት ሰረዝ። ማዕዘን የሚባል የለባቸውም፤ ሰረዞቹ አይነካኩማ። ታዲያ 2 ቅርጹን ከየት አመጣ? ከችኮላ። ጸሐፊው ላይኛውን ሰረዝ ስቦ ብዕሩን ሳያነሣ ወደ ታችኛው ወረደ፤ በሁለቱ መካከል የብዕሩ ዱካ ቀረ። ሦስትም እንዲሁ ሦስት ሰረዞች በብዕር ዱካ የተሰፉበት ነው። ይህን ለማረጋገጥ ማንም ሰው ሁለት አግድም ሰረዞችን አንዱን ከሌላው በላይ አድርጎ፣ እጁን ሳያነሣ በፍጥነት ይሞክር፤ 2 ይወጣለታል።

ለተረቱ ጠበቃ አንድ ነገር ልለቅለት። የብራህሚ አራት መስቀል ይመስላል፤ መስቀልም አራት ቀጤ ማዕዘኖች አሉት። ነገር ግን ደስታው ብዙ አይቆይም። ይኸው አራት በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሲደርስ ሁለት እግር ያለው ቋጠሮ ሆኖ ይጻፍ ነበር፤ የዚያን ዘመን ሰባት ደግሞ እንደ ጎጆ ክዳን ከላይ የተገናኙ ሁለት ዘንጎች ነበር፤ መታጠፊያው አንዲት ብቻ! ሩቅ ዘመን መሄድም አያስፈልግም። ከሕንድ ወደ ዐረብ የተሻገሩት አኃዞች በሁለት መንገድ ሄደዋል፤ የምዕራቡ ቅርንጫፍ በሰሜን አፍሪካና በስፔን በኩል ወደ አውሮፓ ገባ፤ የምሥራቁ ቅርንጫፍ ዛሬም በመካከለኛው ምሥራቅ ይጻፋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን በየመኪናው ሰሌዳ ላይ ያዩታል፤ በዚያ ጽሕፈት አምስት ክብ ነው፤ ዜሮ ነጥብ ነው። አምስት ማዕዘን ይቅርና አንድም የሌለው አምስት! የአንድ እናት ልጆች ከሆኑ፣ የማዕዘኑ ሕግ አንደኛውን ወንድም ገዝቶ ሌላውን እንዴት ለቀቀው?

የጉዞው ምዕራፎች ከተረቱ ይልቅ የሚያስደንቁ ናቸው። በ662 ዓመት ሳዊሮስ ሰቦክት የሚባል ሶርያዊ ጳጳስ ስለ ሕንዶች ዘጠኝ ምልክቶች በአድናቆት ጽፏል። በባግዳድ የነበረው አል ኽዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በሕንድ አኃዝ ስለማስላት የጻፈው መጽሐፍ ዐረብኛው ጠፍቶ የላቲን ዝርያዎቹ ብቻ ቀርተዋል። የሕንዷ ጓልዮር ቤተ መቅደስ የ876 ጽሑፍ ስለ አንድ የአበባ አትክልት ቦታ ይናገራል፤ ርዝመቱ 270 ክንድ፣ ለአምላክ የሚቀርበው ጉንጉን 50፤ ሁለቱም ቁጥሮች በትንሽ ክብ ዜሮ ያበቃሉ። በሰሜን ስፔን በአልቤልዳ ገዳም በ976 የተጻፈ ብራና ዘጠኙን አኃዞች ያለ ዜሮ ይዟል። የፒዛው ሊዮናርዶ፣ ፊቦናቺ የምንለው፣ በ1202 ትልቁን የሒሳብ መጽሐፉን አወጣ። ሆኖም በ1299 የፍሎረንስ የገንዘብ መንዛሪዎች ማኅበር አባሎቹ በሒሳብ መዝገባቸው ላይ በእነዚህ አኃዞች እንዳይጽፉ ከለከለ። ቅርጹ የረጋው የማተሚያ መሣሪያ ከመጣ በኋላ ነው። እንግዲህ ከአሾካ ድንጋይ እስከ አውሮፓ ማተሚያ ቤት ከ1,600 ዓመት በላይ አለ፤ ይህን ሁሉ የሠራው የቀራጭ መሮ፣ የነጋዴ ጥድፊያ፣ የመነኩሴ ላባ፣ የገልባጭ ስሕተት ነው። ተረቱ ይህን ሁሉ ሕዝብ አባርሮ በቦታው አንድ ጠቢብ ያስቀምጣል። የምነቅፈውም ስለዚህ ነው።

ሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ተረትን ይጠላል ማለት አይደለም። ተረት ተረት ሲባል «የላም በረት» የሚል መልስ አለው፤ ሰሚው ምን እንደሚሰማ አስቀድሞ ተስማምቷል። የማዕዘኑ ተረት ግን «የላም በረት» አይልም። የታሪክ ካባ ደርቦ፣ የሳይንስ መነጽር አድርጎ ይመጣል።

ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ ቢሆን ይህን ያህል ባልደከምሁ። በቤታችንም አለ። የግእዝ አኃዞች ቅርጽ ከየት እንደመጣ ሲነሣ፣ ያለ ማንም ተዋሶ ከሰማይ ምሥጢር የወረዱ ናቸው፣ እያንዳንዱ ቅርጽም ስውር ትርጉም አለው የሚል ብርቱ ወሬ ይደመጣል። ማስረጃ ሲጠየቅ ግን ሥዕል ይመጣል፤ እንደ ማዕዘኑ ሥዕል ያለ።

እውነቱን አኃዞቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ግሪኮች ፊደላቸውን በቁጥርነት ይጠቀሙ ነበር፤ አልፋ አንድ፣ ቤታ ሁለት፣ ጋማ ሦስት እያሉ። ፩ ያ አልፋ ነው፤ ፪ ቤታ፤ ፲ ዮታ፤ ፴ ላምዳ፤ ፹ ፒ፤ ፻ ሮ። የእኛ ጸሐፊዎች በእጃቸው ልማድ ወደ ግእዝ ፊደል መልክ አቀረቧቸው፤ የግሪክ ጸሐፊ ቁጥርን ከፊደል ለመለየት ከላይ ሰረዝ እንደሚያደርግ ሁሉ፣ እኛ ከላይም ከታችም አሰርንላቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክሩት ግን ሁለቱ ናቸው፤ ፮ እና ፺። በግሪክ ስድስት ዲጋማ፣ ዘጠና ቆፓ ይባሉ ነበር፤ ሁለቱም በኋለኛው የግሪክ ጽሕፈት ከፊደልነት ወጥተው፣ ቃል የማይጻፍባቸው፣ ለቁጥር ብቻ የቀሩ ፊደሎች ናቸው። እነዚህ ሁለት የሞቱ ፊደሎች በእኛ ብራና ላይ በሕይወት አሉ። መዝሙር 90ን የሚከፍት ሰው ቆፓን እያየ ነው።

«እንዲህ ማለት አገርን ማሳነስ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ተቃራኒውን አያለሁ። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ቀይ ባሕርን አቋርጦ የሚነግድ አንድ ግሪክ ተናጋሪ ያዘጋጀው የጉዞ መጽሐፍ፣ አዱሊስን የሚገዛው ዞስካሌስ የግሪክን ጽሕፈት የሚያውቅ ንጉሥ እንደሆነ ይመሰክራል። የአክሱም ገንዘብ በግሪክኛ ይቀረጽ ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ዒዛና የማረከውን ሰውና ከብት ብዛት በድንጋይ ሲያስጽፍ እነዚህ አኃዞች በግእዙ ጽሑፍ ውስጥ ይገኛሉ። ተውሶ ደሃ ብቻ የሚያደርገው ነገር አይደለም፤ ከዓለም ጋር የሚነግድ፣ የሚጻጻፍ፣ የሚከራከር መንግሥትም ያደርገዋል። ምንም ያልተዋሰ ሕዝብ ካለ፣ ማንም በደጁ ያላለፈ ሕዝብ ነው።

ደግሞስ የተዋስነው ከማን ቤት የወጣውን ነው? ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ታላቁን መዝገበ ቃላታቸውን ያሰናዱት በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ ነው። እስቲ እንቁጠረው፤ አ አንድ፣ በ ሁለት፣ ገ ሦስት፣ ደ አራት፣ ሀ አምስት፣ ወ ስድስት፣ ዘ ሰባት፣ ሐ ስምንት። አልፋ የአሌፍ፣ ቤታ የቤት ዘር ነው፤ ግሪኮችም ፊደላቸውን የተቀበሉት ከፊንቄ ሴማውያን ነው። ያ በግሪክ ምድር የሞተው ስድስተኛው ፊደል፣ ዲጋማ፣ ድምፁ «ው» ነበር፤ የእኛ ወ ሩቅ ወንድም ነው። ቆፓም ከቀ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ስለዚህ ፮ ወደ አክሱም ሲገባ፣ በባሕር ማዶ ያደገ የአጎት ልጅ ቤት እንደመጣ ያህል ነበር፤ ማንም አላወቀውም እንጂ። ይህን የሚያህል ታሪክ እያለ ስለ ስውር ምሥጢር መፈልሰፍ ምን ይባላል?

የግእዝ አኃዝ ዜሮ የለውም ብለው የሚያፍሩም አሉ። የሚያሳፍር ነገር አላይበትም። ሕንዶች ባዶ ቦታን «ሹንያ» አሉ፤ ዐረቦች ትርጉሙን ይዘው «ሲፍር» አሉ፤ ፊቦናቺ «ዜፊሩም» አለው፤ ከዚያ ዜሮ ተወለደ። እኛ «አልቦ» የሚል ግሩም የግእዝ ቃል አለን። ግእዙ አኃዝ ግን አልቦ የሚያስፈልገው ዓይነት አልነበረም፤ በቦታ ዋጋ አይሠራምና። አሥር ራሱን የቻለ ፲፣ መቶ ፻፣ እልፍ ፼ አለው፤ ሺህን ፲፻ ብሎ ይጽፋል። ቁጥርን ለመመዝገብ እንጂ በወረቀት ላይ ለማባዛት አልተሠራም፤ የሮማውያኑም እንደዚያው ነው። የሱቅ ሒሳብ በግእዝ አኃዝ ይሠራ የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ በዚህ አልስማማም። 347ን በ86 ማባዛት ለሚፈልግ ሰው የሕንዱ ጥበብ ይሻለዋል። ነገር ግን ምዕራፍና ቁጥር፣ የመጽሐፍ ክፍል፣ የነገሥታት ተራ፣ በሽፋን ላይ የሚጻፍ ዓመት የግእዙ ናቸው። በ2000 ዓ.ም. ሚሊኒየሙ ሲከበር በየአደባባዩ የተሰቀለው ፳፻ ምን ያህል ያምር እንደነበር ያየ ያውቀዋል።

የማዝነው ዛሬ ያንኑ ፳፻ ከጎኑ ፲፯ ወይም ፲፰ ጨምሮ በትክክል ማንበብ የሚችለው ወጣት እያነሰ በመሄዱ ነው። ምልክቶቹ በጠቅላላው ሃያ ናቸው፤ ዘጠኝ የአሃድ፣ ዘጠኝ የአሥር ቤት፣ መቶና እልፍ። በ1999 እ.ኤ.አ. ከግእዝ ፊደል ጋር በዩኒኮድ ውስጥ ገብተዋልና በማንኛውም የእጅ ስልክ ይጻፋሉ። ትጉህ ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያጠናቸዋል። መምህሩም ሲያስተምር የማዕዘኑን ሥዕል ትቶ፣ በሰሌዳው ላይ በአንድ ወገን ሁለት የተጋደሙ ሰረዞች፣ በሌላው ወገን ፮ን ጽፎ «ይህ ከየት መጣ?» ቢላቸው፣ ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ጨዋታ ያገኛል።