ጫካ የሚመስለው ጓሮ

ከዲላ ተነስተን ወደ ቡሌ የሚወስደውን ዳገት ስንወጣ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት በመስኮቱ አሻግሮ እያየ «ይህን ጫካ አየኸው? እግዜር ራሱ የተከለው ነው» አለኝ። ልክ ነህ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። መኪናው ካወረደኝ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል በእግሬ ተጉዤ የደረስኩባት መንደር ውስጥ ይህንኑ ቃል ለተቀበሉኝ አዛውንት ደገምኩላቸው። አዛውንቱ ቆም አሉና በበትራቸው ወደ ቁልቁለቱ አመለከቱ።

«ጫካ አይደለም ልጄ፤ ጓሮ ነው። ያ ዝግባ የአባቴ ነው። ኮሶውን የተከልኩት እኔ ነኝ፣ የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ። ከዚያ ወዲህ ያለው ቀርከሃ የጎረቤቴ ነው። ባለቤት የሌለው ዛፍ እዚህ የለም።»

ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሞያሌው መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አብዛኞቻችን የምናውቃት አልፈናት ስንሄድ ነው። ዋናው አስፋልት ወደ ወናጎና ወደ ይርጋጨፌ ይቀጥላል፤ ወደ ምሥራቅ የሚገነጠለው መንገድ ግን ሌላ አገር ያሳያል። ዲላ ያለችበት የጌዴኦ ምድር የስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ነው። ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው በኩል ከባሕር ጠለል በላይ በ1,300 ሜትር ገደማ ይጀምርና በደጋው በኩል እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ከፍታ በአጭር ርቀት ውስጥ የተደራረበ ስለሆነ መንገደኛ ቆላውንም ወይና ደጋውንም ደጋውንም በግማሽ ቀን ያያል። ታች ቡናው ከእንሰቱ ሥር ነው፣ እንሰቱ ከዋንዛውና ከብርብራው ሥር። ሽቅብ በተወጣ ቁጥር ቡናው እየሳሳ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ጨርሶ ይጠፋል። እንሰቱ ግን አብሮ ይወጣል፤ ላይ ሲደርስ ገብስና ባቄላ፣ ኮሶና ቀርከሃ ይቀበሉታል። ያረፍኩባት መንደር ቡናው ካበቃበት በላይ ናት። ስሟን የማልጽፈው የምነግራችሁ ነገር የእሷ ብቻ ስላልሆነ ነው። ሰማዩ የጠራ ዕለት ከጫፏ ላይ አባያ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ሲያበራ ይታያል ብለውኛል። እኔ በነበርኩባቸው ሁለት ቀናት ግን ከጉም በቀር ያየሁት የለም።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተካሄደው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። በዚያው ጉባኤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ተመዝግቧል። ብዙ ሰው ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ይጠራቸዋል፤ ሁለት አረንጓዴ ቦታ ተመዘገበልን ብሎ ደስ ይለዋል። አመዘጋገባቸው ግን አንድ አይደለም። ባሌ የገባው በተፈጥሮ ቅርስነት ነው፣ ጌዴኦ ደግሞ በባህል ቅርስነት። ዓለም ጌዴኦን ያከበረው እንደ አክሱምና እንደ ላሊበላ ሁሉ የሰው እጅ ሥራ ብሎ ነው። አዛውንቱ በበትራቸው እያሳዩ የነገሩኝን ዩኔስኮም በራሱ ቋንቋ ጽፎታል። ያልሰማነው እኛ፣ በአስፋልቱ የምናልፈው፣ ነን።

ወደዚያ የወጣሁት ድንጋዮቹን ብዬ እንደነበር ልናገር። በጌዴኦ ሸንተረሮች ላይ እንደ ጨልባ ቱቲቲና ቱቱ ፈላ ባሉ ቦታዎች የቆሙት ትክል ድንጋዮች እጅግ ብዙ ናቸው። ሳካሮ ሶዶ በተባለው ቦታ ያሉትን ተመራማሪዎች በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የቆሙ ናቸው ብለዋል። ማየት ይገባል። ነገር ግን ድንጋዩ ከተተከለ በኋላ ራሱን ችሎ ይቆማል። ጓሮው ግን አንድ ትውልድ እጁን ቢያነሳበት አይቆምም። ስለዚህ የቀረውን ጊዜዬን እንሰት ሲፋቅ ሳይ ዋልኩ።

ያረፍኩበት የአዛውንቱ ቤት እመቤት ከሁለት ሴት ልጆቻቸውና ከአንዲት ጎረቤታቸው ጋር ከማለዳ ጀምረው ጓሮ ነበሩ። የተነቀለው እንሰት ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ ይበልጣል። የግንዱን ቅርፊት አንድ በአንድ ይልጡና ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ አጋድመው፣ አንዱን ጫፍ በእግራቸው ረግጠው ይዘው፣ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይፍቁታል። ነጩ ሥጋ እየወረደ ይከመራል፣ እጃቸው ላይ የሚቀረው ቃጫ ነው። ሥሩ ደግሞ ለብቻው ይከተከታል። ከተጨመቀው ውሃ ሥር የሚዘቅጠው ዱቄት ቡላ ይሆናል፤ የቀረው በኮባ ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት፣ በዚህ ብርድ አገር ለወራት ይብላላል። ቆጮ ብለን በክትፎ የምንበላው ይህ ነው።

ለመሞከር ጠየቅሁ። መፋቂያውን ተቀብዬ ከሦስት ቅርፊት በላይ አልዘለቅሁም፤ ትከሻዬ እስከ ማግስቱ አመመኝ። እናትየዋ እስከ ከሰዓት በኋላ ቀና ሳይሉ ሠሩ።

«እናቴ፣ ይህ እንሰት ስንት ዓመቱ ነው?» አልኳቸው።

«ስድስት አልፎታል። ደጋ ነው፣ ቶሎ አይደርስም። ታች ወይና ደጋው ላይ ይፈጥናል።»

ስድስት ዓመት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከቦታ ቦታ ሲዛወር፣ ሲኮተኮት፣ ፍግ ሲለብስ፣ ከሚያጠወልገው በሽታ ሲጠበቅ ኖሯል። ዛሬ አንድ ሲነቀል ከስድስት ዓመት በኋላ የሚተካው አሁኑኑ ጓሮው ውስጥ ቆሞ መገኘት አለበት። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት በየዕድሜው የተሰለፈ እንሰት አለው፦ ችግኙ፣ ዓመት የሆነው፣ ሁለት፣ ሦስት። የጌዴኦ ሰው ጎተራው ቆሞ የሚያድግ ነው ማለት ይቻላል። ዝናብ አንድ ክረምት ቢያጥር እህል እንደሚያልቀው አያልቅም። በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሕይወቱ በእንሰት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሆኖም ስለ ምግብ ዋስትና በምንሰበሰብበት አዳራሽ ሁሉ የምናነሳው ስንዴና ጤፍ ነው።

የጌዴኦ ተወላጅ የሆኑት ተመራማሪ ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ርዕስ ላይ ይህ የመሬት አያያዝ አምስት ሺህ ዓመት ጸንቶ የቆየ ነውን? ብለው ጠይቀዋል። የዘመኑን ቁጥር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ። እኔን ያስደነቀኝ በዓይኔ ያየሁት ነው። በ1999ኙ ቆጠራ በዞኑ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ ዛሬ ከዚያ ይበልጣል። እንዲህ በተጨናነቀ፣ እንዲህ በቆመ ገደል ላይ፣ ክረምቱ በሚበረታበት አገር፣ አፈሩ አሁንም ቦታው ላይ ነው። በሬ ተጠምዶ አይታረስም፣ መሬቱ ባዶውን አያድርም። የወደቀው ቅጠል ይበሰብስለታል፣ የእንሰቱ ሥር ውሃውን ይይዝለታል፣ ላይ ያለው ዛፍ የዝናቡን ዱላ ይቀበልለታል። በሌሎች አካባቢዎች በየዓመቱ በዘመቻ እርከን የምንሠራለትን ጉዳይ እዚህ ሰዎች በዕለት ሥራቸው ጨርሰውታል።

ማታ እሳት ዳር ቆጮ በጎመን ቀረበ። ያን ጊዜ ነው የ2010ሩ ነገር የተነሳው። በዚያ ዓመት ከሚያዝያ እስከ ሰኔ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሳው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቅሎ ነበር። ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ያላለቀው ሕንጻ ሁሉ ሰው ሞላበት። ከተፈናቃዮቹ ወደዚህች መንደር ወደ ዘመድ የመጡም ነበሩ። በዚህ ቤት ብቻ አሥራ አንድ ሰው አርፏል።

«ምን አበላችኋቸው?» አልኩ።

አባትየው ወደ እሳቱ እያዩ ዝም አሉ። የመለሱልኝ ባለቤታቸው ናቸው። «የደረሰውን ጨረስን። ከዚያ ያልደረሰውን ነቀልን። የሦስት ዓመቱን። ምን ይደረጋል፣ ሰው ነው።»

የሦስት ዓመቱን መንቀል ምን ማለት እንደሆነ ቀን ጓሮው ውስጥ ባልውል ኖሮ አይገባኝም ነበር። በሰልፉ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ያ ክፍተት ከሦስት ዓመት በኋላ እንደ ረሃብ ሆኖ ይመጣል። መጥቶባቸዋልም። በዚያ ዘመን የተከፋፈለው የእርዳታ እህል በኩንታል ተቆጥሯል። ከእነዚህ ጓሮዎች የወጣው ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም፤ ምክንያቱም ጫካ ስንዴ አይሰጥም ብለን እናስባለን። ለዚህ ነው ስለ አንድ ቃል ይህን ያህል የምከራከረው። ጫካ ካልነው የለፋበት ሰው የለም። የለፋበት ሰው ከሌለ ደግሞ ዋጋ የሚከፈለው፣ መንገድ የሚሠራለት፣ ልጁ እዚያው እንዲኖር የሚታሰብለት የለም።

ቡናው ቢያንስ ስም አግኝቷል። የይርጋጨፌን ስም ለማስከበር አገራችን ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ1999 ዓ.ም. ከስምምነት ደርሳለች፤ ያኔ ሁላችንም ኮርተናል። የቡናው ጥላ የሆነው ዛፍና ቡና ለቃሚውን የሚመግበው እንሰት ግን ጠበቃ አላገኙም። ከዚህች መንደር ወጣቶች በእሸት ቡና ወቅት ታች ወርደው ይለቅማሉ፣ ከመፈልፈያ ጣቢያዎቹ የማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና ያገላብጣሉ፣ ወቅቱ ሲያልቅ ይመለሳሉ። የማይመለሱም አሉ። የአባትየው መሬት ለአራት ወንዶች ልጆች ቢከፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አንድ ቤተሰብ አያኖርም። ትልቁ ልጅ ድርሻውን ባህር ዛፍ ተክሎበታል። ስለምን ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ባህር ዛፍ በአምስት ዓመት ብር ይሆናል። ኮሶው ለማን ይሆናል?» አለኝ። ልወቅሰው አልቻልኩም። ኮሶውን የምናደንቀው እኛ፣ ለኮሶው አንድ ብር የሚያገኝበትን መንገድ አላበጀንለትም። የቅርስ ባለቤት ከሆነ ከቅርሱ መብላት አለበት። የእንሰት መፋቂያ መሣሪያ፣ የተሻለ ችግኝ፣ ለቆጮና ለቡላ የሚሆን ንጹሕ ማሸጊያና ገበያ፣ የመንደሩን ልጅ ቀጥሮ እንግዳ የሚያስጎበኝ ሥራ፣ እነዚህ እንደ ሰማይ የራቁ ነገሮች አይደሉም። የዲላ ዩኒቨርሲቲ ቁልቁል እዚያው አለ።

ከሁሉ የከበዳቸው ግን መንገዱ ነው። ከመንደሯ እስከ መኪና ማቆሚያው ያለው የእግር መንገድ በክረምት ጭቃ ይሆናል፣ መሐል ላይ አንድ ወንዝ አለ። የታመመ ሰው በቃሬዛ ነው የሚወርደው። ምጥ የያዛትም እንዲሁ። ባለፈው ክረምት ወንዙ ሞልቶ አንዲት እናት ማዶ ሳትሻገር ወልዳለች። ሁለቱም ተርፈዋል፤ ይህን ሲነግሩኝ ተመስገን አሉ፣ እኔም አልኩ። ድልድይ ይሠራላችኋል ከተባሉ ቆይተዋል፤ ሰዎች መጥተው ለክተው ሄደዋል።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ አዛውንቱ እስከ ወንዙ ሸኙኝ። ካፊያ ነበር። ድልድዩ በቃጫ ገመድ የታሰረ ቀርከሃና ሁለት ወፍራም ግንድ ነው፤ መንደሩ በየዓመቱ መስከረም ላይ አዋጥቶ ይሠራዋል፣ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ወንዙ ይወስደዋል። ጫፉ ላይ ቆሜ ሳመነታ ክንዴን ያዙኝና አብረን ተሻገርን። በመሐል እያሉ በበትራቸው እግራችን ሥር ያለውን እየነኩ ነገሩኝ። ይህ ቀርከሃ ከጎረቤቴ ነው። ይህ ከመምህሩ ቤት። ቃጫውን ሴቶቹ ናቸው የገመዱት። ያኛው ግንድ ከእኔ ጓሮ ነው፣ ዘንድሮ የቆረጥኩት፤ በቦታው ሌላ ተክያለሁ።